የጋሽ ተፈራ ሁለተኛ ዓይን

ጋሽ ተፈራ በሬን ሲያንኳኩ የእንቁጣጣሹ መጽሔቴ ሙጫ ከጣቶቼ ላይ ገና አልለቀቀም ነበር። ስከፍት መጽሔቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ቆመዋል...

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት ጋሽ።»

«ታዲያ ሁለተኛው ዓይኔ የት ሄደ?»

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ ስኮትዴል በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ ሐበሻ በበዛበት አፓርትመንት ነው። ያኔ በአማርኛ የሚነበብ ነገር እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ እኔው ራሴ መጽሔት እሠራ ነበር። መጽሔት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሰፈሩን ወሬ በእጄ እጽፋለሁ፣ ሥዕሉን በጥቁር እስክሪብቶ እሥላለሁ፣ ቆራርጬ እለጥፋለሁ፣ ቻምብሊ፣ ኮፒ ቤት ወስጄ ኮፒ አስደርጋለሁ፣ አጥፌ ወገቡ ላይ ስቴፕል አደርገዋለሁ። አለቀ። ያቺ ቀጭን ነገር ተሰፍታ እጄ ላይ ስትቀመጥ የሚሰማኝን ደስታ ግን ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም።

በዚያኛው እትም የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሣልኩ። ጋሽ ተፈራ ዳውንታውን ፓርኪንግ ነበር የሚሠሩት። ከትንሿ የመስታወት ቤታቸው አንገታቸውን አውጥተው ቲኬት ሲሰጡ በጎን ሣልኳቸው። በጎን የተሣለ ሰው ስንት ዓይን ይታይለታል? አንድ!

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማነው?» አሉኝ።

«ይሁዳ...»

«ሌላስ?»

«ሰይጣን።»

«እኔ ከሁለቱ የትኛው ነኝ?»

እውነታቸውን ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን። ጋሽ ተፈራ ደግሞ ያንን ግድግዳ እያዩ በድቁና ያደጉ ሰው ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከራቸው ነበር። ግን ቅዳሜ የሰናይትን አባት «ልጅዎን ለልጃችን» ሊሉልኝ የሚሄዱት ዋናው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው!

«በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ሰው ደጅ አይቆምም» ብለውኝ ሄዱ።

ሰናይትን እወዳታለሁ። ያለ እሷ የሚታየኝ ኑሮ አልነበረም። እስክሪብቶዬን ይዤ ወጣሁና በየቤቱ እየዞርኩ፣ ያደልኩትን መጽሔት እያስወጣሁ፣ የጋሽ ተፈራ ጉንጭ ላይ ሁለተኛ ዓይን መጨመር ጀመርኩ። አንድ ጉንጭ ላይ ሁለት ዓይን... የሸሚዝ ቁልፍ መሰለ።

ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሷል። እትዬ አበበች በር ላይ ጠበቁኝ። እሳቸውን እስክስታ ሲወርዱ ነበር በጎን የሣልኳቸው።

«ለተፈራ ጨምረህ ለእኔ የማትጨምርልኝ ለምንድነው? እስክስታ ወረድኩ እንጂ ጌታን ሸጥኩ?»

ጨመርኩላቸው። ከእግራቸው ሥር ያለችውን ዶሮ በጣታቸው አሳዩኝ።

«እሷስ?»

«እትዬ፣ ዶሮ እኮ አንዱ ዓይኗ በወዲያ በኩል ነው...»

«የበዓል ዶሮ ናት። ምን ኃጢአት አለባት?»

ለዶሮዋም ጨመርኩ።

ጋሽ ተፈራ የታረመውን ሥዕል አገላብጠው አዩና «አሁን ገና እኔን መሰልኩ» አሉ። ታረቅን።

ቅዳሜ ደረሰ። ሚስት የሚጠየቅለት ልጅ ራሱ ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ። ግን ጋሽ ተፈራ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ይዋሉ እንጂ ሃይዌይ ላይ መንዳት ይፈራሉ። አብረዋቸው የሚሄዱት ሽማግሌዎች ደግሞ መኪና የላቸውም። ስለዚህ እኔው ነድቼ ስኔልቪል፣ ሰናይት ቤት አደረስኳቸውና መሪው ሥር ተደበቅኩ።

ብዙም ሳይቆዩ ሰናይት ወጥታ መስኮቱን መታችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ ሠዓሊው ይግባ ብሏል።»

ስገባ አባቷ አቶ ኃይሉ ጋሽ ተፈራ ሊያሳዩ ይዘውት የገቡትን የታረመ መጽሔቴን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። እኚህን ሰው ቀና ብዬ ለማየት ደፍሬ አላውቅም ነበር። ለዚህም ነው ለበዓሉ ሰፈራችን መጥተው ስሥላቸው ከኋላቸው ቆሜ ባርኔጣቸውንና ማጅራታቸውን ብቻ የሣልኩት።

«ሰይጣን እንኳን አንድ ዓይን አለው» አሉ። «እኔ አንድም የለኝም!»

ጋሽ ተፈራ ሊያድኑኝ ሞከሩ። «አቶ ኃይሉ፣ ከጀርባ ስለተሣሉ እኮ ነው።»

«እርስዎስ ከጎን አልነበሩም? ሁለተኛው ከየት መጣ?»

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አስገባላቸው።»

ከባርኔጣው ሥር፣ ማጅራታቸው ላይ፣ ሁለት ዓይን ሣልኩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ቅንድብስ?» አሉ አቶ ኃይሉ።

ቅንድብ ጨመርኩ። መጽሔቱን አራቁት፣ አቀረቡት...

«እንዲህ ነው እንጂ! ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሌላው ሰው ለሽምግልና ስንት ጊዜ ይመላለሳል! ጋሽ ተፈራ ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር እንኳን አልጀመሩትም። እስከ ስኮትዴል ድረስ መኪና ውስጥ ለእኔ አነበነቡልኝ፤ እኔም በደስታ እያለቀስኩ አዳመጥኳቸው።

ያ ገጽ በፍሬም ሆኖ አማቼ ሳሎን ተሰቀለ። ልጆቼ ከሥሩ ሲጫወቱ አደጉ፤ አያታቸው በማጅራቱ እንደሚያይ አምነው ከጀርባው ብስኩት አይሰርቁም ነበር። ሰናይት ትስቅባቸዋለች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን ከኋላቸው ሆኜ ፊቴን አጣምሜባቸው አላውቅም... ዓይኖቹን የሣልኩት እኔው ራሴ ሆኜ!