ከሸራ በታች የነበረው ዋንዛ

እንድርያስ ጠዋት ጠዋት የአናጢነት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ደጃፉ ላይ ቁጭ ይልና የተጣመሙ ሚስማሮችን ድንጋይ ላይ እያጋደመ በመዶሻ ያቃናል። ሚስቱ አስካለች ባየችው ቁጥር ትስቅበታለች።

«ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አዲስ ሚስማር የጠፋ ይመስል!»

«የተጣመመ ነገር ሲቃና ደስ ይለኛል።»

«ያንንም ባቃናኸው» ትለዋለች፣ በአገጯ ወደ ጓሮ እየጠቆመች።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጓሮው ውስጥ በሸራ የተሸፈነ ግንድ ተጋድሟል። በቡና ማሳው ድንበር ላይ የቆመ ዋንዛ ነበር። ድንበርተኛው «ዛፉ የእኔ ነው» ብሎ እንድርያስ በሌለበት ቆረጠው። ጥላውን ያጣውን ቡና ፀሐይ መታው፤ ገሚሱ እዚያው ደረቀ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። እንድርያስ ከሰሰ፤ ግንዱንም «ዳኛ ሳያየው አይነሳም» ብሎ ሸፈነው። ቀጠሮው ሲጓተት ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ፤ ሰላምታ ግን የላቸውም።

ዘንድሮ ስቅለት ሲቃረብ ወንጌላዊ ታፈሰ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚቆም ትልቅ መስቀል ሊያሠራ መጣ።

«ዝናቡ ገብቷል፤ ያለኝ እንጨት ሁሉ እርጥብ ነው። ይሰነጠቃል» አለው እንድርያስ።

«ያ ሸራ ስር ያለውስ?»

«እሱ አይነካም። ማስረጃ ነው።»

«ወንድም እንድርያስ፣ በእኛም ላይ ማስረጃ ነበረ፤ ደግሞ ሐሰት አልነበረም። ክርስቶስ ግን ክሱን ይዞ መስቀል ላይ ወጣ። ክሱም እዚያው ተቸነከረ።» ይህን ብሎ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

እንድርያስ ተናደደ። በየስቅለቱ የሚሰማው ቃል ነው። እስከዛሬ ግን የተቸነከረው የራሱ ክስ ብቻ ይመስለው ነበር። የድንበርተኛውም? ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልግ ዋለና አመሻሽ ላይ «ግንዱን ካነሳሁት እኮ ክሱ አለቀ» አላት ለአስካለች።

«እና?»

«ቡናዬስ?»

«ግንዱ ሸራ ስር ስለተኛ ቡናህ ለመለመ?»

በማግስቱ ሚስማር ሳያቃና ተነሥቶ ሸራውን ገፈፈው። ግንዱ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን አልነበረም። ድንበርተኛው ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያያል።

«ዳኛው ዛሬ ነው የሚመጣው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዳኛ አይመጣም። መስቀል ልሠራበት ነው።»

ሰውየው አጥሩን ተሻገረ።

«በየት በኩል ልያዝ?»

«በፈለግከው። መጋዙን ብቻ ለእኔ ተው፤ አንተና መጋዝ ባትገናኙ ይሻላል!»

ሰውየው ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው። እንድርያስም ፊቱን አዞረ።

መስቀሉ በስቅለት ዕለት ቆመ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ድንበርተኛው የዋንዛ ችግኞች ይዞ መጣና ድንበሩ ላይ አብረው ተከሉ።

«ጥላ እስኪሆኑ እኛ እናረጃለን» አለ ሰውየው።

«ቡናው ይጠብቃል» አለው እንድርያስ።

የቤተ ክርስቲያኑን መጽሔት የምታዘጋጀው ረድኤት ታሪኩን ስትጠይቀው ንዴቱን እንኳ ሳይደብቅ ነገራት። ልትሄድ ስትነሣ ግን አስቆማት።

«ሁሉንም ጻፊው የኔ ልጅ። ዋንዛውን የቆረጠውን ሰው ስም ብቻ ተዪው።»