ወደ ግራ ያዘነበለችው ፒክአፕ

ዲላ ጋራዥ የገባሁበት ቀን የነበርነው እነዚህ ነን፦ ዋና መካኒኩ ጋሽ ከበደ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሙዘይን፣ በያጁ ጅግሶ፣ ዘበኛው አባባ ሮባ እና እኔ። ልጄ ትዕግሥትም ነበረች። የማስቀምጣት ቦታ ስላልነበረኝ ይዣት ሄጄ ከዘበኛው ጎን ተቀምጣ ዋለች።

የተቀጠርኩት የተፈቱ ዕቃዎችን በናፍጣ ለማጠብ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ጋሽ ከበደ ግማሽ በርሜል ናፍጣና አንድ ብሩሽ ሰጥተውኝ «ብሎን እንዳይጠፋብሽ። ሌላ ምንም አልልሽም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ መኪና የወጣውን ብሎን በየቆርቆሮው ለይቼ አስቀምጥ ነበር። ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ፤ በር ላይ ደርሼ ተመልሼ ያየሁባቸው ቀኖችም አሉ። ጅግሶ «አስካለ ብሎኖቹን ሳታስተኛ አትሄድም» እያለ ያስቅብኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጋሽ ከበደ ወደ ታች ሥራ አሻገሩኝ። የታች ሥራ የምንለው ከኋላ የተደራረበውን ባሌስትራ፣ ከፊት የተጠማዘዘውን ሞላ፣ ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር፣ እንዲህ መኪናውን የሚሸከመውን ነው። መኪና አዘንብሎ ሲመጣ የጋሽ ከበደ አሠራር የታወቀ ነው። ጭነቱን ያስወርዳሉ፣ ጎማዎቹን እኩል ያስነፋሉ፣ ከዚያ ከመሬት ከጎማው በላይ እስካለው ፓራፋንጎ ጠርዝ በሜትር ይለካሉ። ያጠረው ጥግ ይፈታል። ብዙ ጊዜም ልክ ነበሩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በራሶ የሚባል ደንበኛ መጣልን፤ ከይርጋጨፌ በላይ ያለችው የኢዲዶ ሰው ነው። አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ ቡና ጭኖ ይወርዳል፣ ሰው ይዞ ይወጣል። ያኔ ትዕግሥት አድጋ ኢዲዶ ጤና ኬላ ተቀጥራለች። ሰኞ ጠዋት ከዲላ የሚወስዳት፣ አርብ የሚያመጣት እሱ ነው።

«በራሶ፣ አደራህን ቀስ ብለህ ንዳ» እለዋለሁ።

«እትዬ አስካለ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ በእግሩ የሚሄደው ቀድሞኝ ይገባል» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ፒክአፗ ከኋላ በግራ በኩል ዝቅ ብላ መጣች።

«በአንድ ጎን እየጫንክ ነው» አሉት ጋሽ ከበደ።

«ጋሼ ሙት እኩል ነው የምጭነው። ካላመንክ ቡናውን ጠይቅ!»

ተለካ። ፊቷ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የኋላው ግራ በሁለት ጣት አጥሯል። ጋሽ ከበደ ባሌስትራውን ፈትተው አንድ ዝርግ ብረት ጨመሩበት፤ ቀጥ ብላ ወጣች። በሳምንቱ ቅዳሜ እንደገና አዘንብላ ተመለሰች። ጋሽ ከበደም ሁለተኛ ብረት እንዲጨመር አዘዙ።

እኔን ሰኞ አሳሰበኝ። ወደ ኢዲዶ የሚያወጣው መንገድ ጭቃ ነው፣ ገደል ዳር ነው፣ ልጄም በዚያች መኪና ነው የምትሄደው። አንዴ ተሠርቶ የተመለሰ ነገር ደግሞ ደስ አይለኝም። ባሌስትራውን እስኪፈቱ ድረስ ክር አውጥቼ መኪናዋን ዞርኳት። ሜትሩ በጋሽ ከበደ ኪስ ስለሆነ ነው ክር የያዝኩት። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ እወጥራለሁ፤ በቀኙ ልክ ቋጥሬ ወደ ግራው እወስደዋለሁ። የፊቱ ግራ ላይ ቋጠሮው ከጠርዙ ሦስት ጣት አልፎ ሄደ። ተሳሳትኩ ብዬ ደገምኩት። ሠለስኩት።

«ጋሽ ከበደ፣ ፊቷ እኩል አይደለም።»

«በሜትር ለክቼዋለሁ እኮ! ያንቺ ክር ከሜትር በለጠ?»

«እርስዎ የለኩት ከመሬት ነው። እኔ ከጎማው መሃል ነው።»

ሙዘይን «ሐኪሟ መጣች» አለና ሳቀ። ጋሽ ከበደ ግን አልሳቁም። ሄደው የፊቱን ጎማዎች አዩ። የግራው አዲስ ነው፤ ከቀኙም ይረዝማል። ውስጥ ዝቅ ያለውን ያ ረጅም ጎማ ከፍ አድርጎ ከሜትሩ ደብቆታል።

«ይህን ማን አሰረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ በራሶ። «አንድ አዲስ ጎማ ብቻ አገኘሁ። በሹፌሩ በኩል አሰርኩት። ሹፌር ከዳነ ሁሉም ይድናል ብዬ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ትዕግሥት የምትቀመጠው በቀኝ ነው።

ጋሽ ከበደ ክሪኩን ከፊት መሃል ላይ አድርገው ትንሽ ከፍ አደረጓት። የኋላዋ ማንም ሳይነካው ቀጥ አለ። ባሌስትራው ጤነኛ ነበር ማለት ነው፤ ከፊት የጎደለውን ነው ሲሸከም የከረመው። የግራውን ጎማ ፈቱ። ሞላው ሥር ጭቃ ጠጥሮበት ምንም አይታይም። በናፍጣና በብሩሽ አጠብኩት። የታችኛው ዙር ተሰብሮ፣ ጫፉ ከመቀመጫው ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል።

«ይሄ ቁልቁለት ላይ ቢወጣ…» አሉ ጋሽ ከበደ። ባለፈው ሳምንት የጨመሩትን ብረት በእጃቸው ፈትተው አወጡ።

«መኪናዋ እዚህ ታድራለች» አሉት በራሶን።

«ሰኞ ሰው አለብኝ እኮ፣ ጋሼ!»

«አስካለን አልፈህ መሄድ ከቻልክ ሂዳ!»

እኔን አየኝና ቁልፉን አስረከበ።

ሞላው ከአዋሳ እስኪመጣ ረቡዕ ሆነ። ግራውንም ቀኙንም ቀየርን። የዚያን ሰኞ ትዕግሥት በሚኒባስ እስከ ይርጋጨፌ ሄዳ የቀረውን በእግሯ ወጣች። አርብ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አስቀምጣ «እማ፣ በአንቺ ክር ምክንያት ጭቃ ውጦኝ ነበር» አለችኝ። ጫማውን አጠብኩላት።

ጋሽ ከበደ ስለዚያ ቀን ዳግም አላነሱም። ግን ከዚያ ወዲያ የለኩት ከጎማው መሃል ነው። ደንበኛ ሲያጣድፋቸውም «አስካለ ሳታየው አይወጣም» ይሉ ነበር።

አሁን በሥራው ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ዝቅ ያለው ጥግ ሁልጊዜ የተሰበረው አይደለም። ከመሬት ብቻ አትለኩ። ጎማዎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን እዩ። ሞላ ስትቀይሩ ጥንዱን ቀይሩ።

በራሶ ከዓመታት በኋላ ፒክአፗን ሸጦ ወደ ሻኪሶ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። ትዕግሥት ወልዳ ከብዳለች፤ ስትመጣ «በራሶስ?» ትለኛለች። ያለበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ብቻ ንገሩኝ።