ፉርጎ እንጂ ባቡር አይደለም

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሃያ ስድስት ዓመት ድሬዳዋ ላይ የጭነት ፉርጎ ሲፈትሹ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሀዲድ ያልደረሰባት አዋሳ ገቡ። በ1975 ዓ.ም. ጅቡቲ ያለ የቀድሞ ባልደረባቸው አንድ ካርቶን ላከላቸው። ውስጡ አንዳንዱ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ ቁርጥራጭ ነበር፤ ሲገጣጠም ስንዝር የማይሞላ ፉርጎ ይወጣዋል። ቁራጩን በምላጭ ይለያሉ፣ በወረንጦ ያነሳሉ፣ በመርፌ ጫፍ ማስቲሽ ያስነካሉ። አንዲት የበር እጀታ ለመትከል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። መዶሻ የለመዱ ጣቶች እንዲህ መለስለስ መቻላቸው ይደንቃል።

ጎረቤት ምን እንደሚሠሩ ቢጠይቃቸው «ባቡር እየገጠምኩ ነው» አሉ። በሰፈሩ አፍ ደግሞ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በኃይሉ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታቸው ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ ያለ ፈቃድ ወፍጮ ተክለዋል ተብሏል። የታለ ባቡሩ?»

«ያውልህ» ብለው ጠረጴዛውን አሳዩት።

«ይሄማ አንድ ፍሬ ሽንብራም አይፈጭ» አለ አንዱ ጠባቂ። ሁለቱም ሳቁ። ጠመንጃ አስይዞ የመጣበት ነገር ስንዝር ሆኖ የተገኘበት በኃይሉ ግን አልሳቀም።

«በሉ መጫወቻ ነው ብለው ይፈርሙልኝና እንሂድ።»

«መጫወቻ አይደለም።»

«ባቡር ነው ካሉኝ እወስደዋለሁ።»

«ፉርጎ ነው። ፉርጎ ብለህ ጻፍ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ልገላግልዎት ነው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ስጫወት አልኖርኩም፣ ልጄ።»

በኃይሉ ፉርጎውን አስነሳ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ አልለመኑም፤ ጠባቂውን ብቻ «ከሥሩ ያዘው፣ የመሰላሉ ማስቲሽ አልደረቀም» አሉት።

በማግስቱ የቀሩትን ቁርጥራጮች፣ ወረንጦና ማስቲሻቸውን ይዘው ቀበሌ ሄዱ። ለስኳር ኩፖን የተሰለፈውን ሰው አልፈው፣ ፉርጎው ከተቀመጠበት የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ዳር ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልጨርሰው። ወሰድከው እንጂ አይጨርሱት አላልከኝም።»

አራት ቀን ተመላለሱ። ሰልፈኛው ኩፖኑን ረስቶ አንገቱን ያሰግግ ጀመር። በአራተኛው ቀን የቀረችው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የፍሬን መዘውር ብቻ ነበረች። በኃይሉ ማኅተም ሊመታ እጁን አነሳና፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ መልሶ በቀስታ አወረደው።

«ይጨርሱ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ከዚያ ፉርጎ ብዬ እጽፋለሁ።»

«መጀመሪያ ጻፍ» አሉት፣ ዓይናቸውን ከወረንጦው ሳይነቅሉ።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ከፈተ።