ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ዕለት

ባለፈው ወር ሰቆጣ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን ሳለ ለአቶ ደምሴ ጋቢ ተደረበላቸው። «ለኽምጣና ቋንቋ ዕድገት ላደረጉት አስተዋጽኦ» አለ መድረክ መሪው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው ወጣት መምህርት «አያውቋቸውም እንዴ?» አለችኝ። አሳምሬ ነው የማውቃቸው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ሃያን ያለፍኩ ልጅ ሳለሁ፣ የትምህርት ቢሮ ኃላፊው የአቶ ደምሴ ጸሐፊ ነበርኩ። ቢሮአችን ለአንደኛ ክፍል ልጆች በኽምጣና የሚነበብ መጽሐፍ ያዘጋጃል ይባል ነበር። በእውነት የሚያዘጋጁት ግን መምህር ክፍሌ ብቻ ነበሩ። ቴፕ በከረጢት ይዘው ወደ አበርገሌ ይወርዳሉ፤ መኪና በማይገባበት በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ከሽማግሌና ከአሮጊት ተረት ቀድተው፣ ፊታቸው በቆላው ፀሐይ ከስሎ ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ ቴፑን እያዳመጥኩ በቢሮው ብቸኛ ኮምፒዩተር እጽፋለሁ።

ካሴት ይገዛልን ስንል አቶ ደምሴ «በጀት የለም» ይላሉ። ስለዚህ ኮምፒዩተር ላይ ጽፈን የጨረስነውን ተረት ከካሴቱ እያጠፋን በዚያው ላይ ሌላ እንቀዳለን። የጽሑፉን ቅጂ በፍሎፒ ዲስክ ላስቀምጥ ብል፣ ፍሎፒዎቹን ከነማሸጊያቸው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውባቸዋል። «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዝም ተብሎ አይነካካም!» ማተሚያውም ቀለሙ እንዳያልቅ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይሠራም። ፈቃዱ የሚገኘው የእሳቸው የበዓል መልካም ምኞት ሲታተም ነበር።

ከተረት ነጋሪዎቹ ሁሉ የምወዳቸው አበርገሌ ውስጥ የኒሯቅ ነዋሪ የሆኑትን እማ ለተብርሃንን ነበር። በአካል አላየኋቸውም፤ የማውቀው ድምፃቸውን ነው። የቀበሮዋን ተረት ሲያወሩ መሀል ላይ ፍየሎቻቸውን ይቆጣሉ፤ ወደ ተረቱ ሲመለሱ ቀበሮዋም በዚያው ቁጣ ትናገራለች። መምህር ክፍሌ «ቁጣውን እንዳታወጪው፤ ልጆቹ እናታቸው የተናገረች ነው የሚመስላቸው» አሉኝ። ትምህርት ቤት ኽምጣና በሚጫነው አነጋገሬ ሲሳቅብኝ ያደግኩ ነኝና፣ ያንን ስጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያው ክረምት እማ ለተብርሃን አረፉ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አቶ ደምሴ ከባሕር ዳር ስብሰባ አዲስ ወሬ ይዘው መጡ። እዚያ ያለ ኃላፊ ሁሉ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎለት «ዲ» የሚባል የግሉ ክፍል አለው። እንቅልፍ አጡ። «ኃላፊና ጸሐፊ በአንድ በር አይገቡም» አሉ። ያን አሮጌ ኮምፒዩተር የሚከፍል ባለሙያም ከደሴ አስመጡ፤ ቤት ውስጥ እንኳ የፀሐይ መነጽሩን የማያወልቅ ሰው።

ባለሙያው እንደገባ ለምሳው የፍየል ጥብስና ማር እንዳመጣ ታዘዝኩ።

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሥራ አለ፤ መጀመሪያ ልንገረው» አልኩ።

«አንቺ ሥጋውን አስጠብሺ። ስለ ኮምፒዩተሩ ኃላፊው ያውቃል» አሉ አቶ ደምሴ።

ኃላፊው የሚያውቁት ማብሪያውን ነበር፤ እሱንም መብራት ስላለው።

ጥብሱን ይዤ ስመለስ ሁለቱም ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። ስክሪኑ ላይ «ሲ» እና «ዲ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ከፈትኳቸው፤ ባዶ ናቸው። ከተረቱ አንድ መስመር የለም።

«ሲከፈል ያለው ይጠፋል፣ የሚፈለግ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ» አለ ባለሙያው እያላመጠ። «ምንም የለውም አሉኝ።»

መምህር ክፍሌ ምሳው ሳይነሳ መጡ። ስነግራቸው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«መጠባበቂያ መያዝ የጸሐፊዋ ኃላፊነት ነው» አሉ አቶ ደምሴ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«የፍሎፒው መሳቢያ ቁልፍ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው» አልኳቸው።

«ደግሞስ ምን ጠፋ? የፍየልና የቀበሮ ወሬ! ተመልሶ መቅዳት ነው።»

መምህር ክፍሌ ቀና ብለው አዩአቸው። «አቶ ደምሴ፣ እማ ለተብርሃን እኮ አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር» አሉና እንጀራቸውን ማር ውስጥ ነከሩ።

ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። መምህር ክፍሌ በዚያ በጋ እንደገና ወደ ቆላ ወረዱ፤ በሕይወት ያሉት ደግመው ነገሯቸው። የእማ ለተብርሃንን ግን ከራሳቸው ትዝታ መጻፍ ነበረባቸው። «ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ አፋቸውን ከየት ላምጣው?» ይሉኝ ነበር። አቶ ደምሴ በዚያ በግል ክፍላቸው ውስጥ ያስቀመጡት የዝውውር ማመልከቻቸውን ብቻ ነው። «የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅቻለሁ» የሚል ነበረበት። ተቀባይነት አግኝቶ ባሕር ዳር ገቡ።

ባለፈው ወር፣ ጋቢው በተደረበላቸው ማግስት፣ አንድ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ መጽሐፉን አየሁት። የቀበሮዋ ተረት አለ፤ ንጹሕና ጨዋ ሆኖ፣ ማንም ማንንም ሳይቆጣ። ልጆቹ እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ ግን አይስቁም። መምህር ክፍሌም አርፈዋል።

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ «አርጅተዋል፣ ይቅር በያቸው» ይለኛል። ምኑን ነው ይቅር የምለው? እሳቸው እስከ ዛሬ የጠፋ ነገር እንዳለ አያውቁም። ቂምም አልያዝኩም፤ ቂም የሚያዘው ሚዛን በሚደፋ ሰው ላይ ነው። ለአቶ ደምሴ ያለኝ ንቀት ነው፤ እሱንም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩላቸው እንጂ አልቀነስኩም።