አማት በትራንዚት

ናንዲ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ከምንቆመው ባለታክሲዎች መካከል በጉራ ሳኪዩሳን የሚያህል የለም። ጉራው እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ተሳፋሪ በእሱ ምክንያት በረራ አምልጦት አያውቅም። ለትራንዚት የወረደውን ሰው ገና ከአረማመዱ ይለየዋል። «ስንት ሰዓት አለዎት?» ይላል። አራት ሰዓት ላለው ጭቃ መታጠቢያውን፣ ገበያውንና የባሕር ዳር ምሳውን ያዳርሰዋል። አንድ ሰዓት ብቻ ያለውን እንኳ ወስዶ እግሩን ባሕር ውስጥ አስነክሮ፣ አሸዋውን አራግፎለት ይመልሰዋል።

ለማያውቀው ሰው አንዷን ሰዓት እንደ ላስቲክ የሚስብ ይህ ጀግና፣ ለራሱ ጉዳይ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አጥቶ ነበር። ሚስቱን ሎሳሊኒን ያመጣት አስኮብልሎ ነው። አባቷ ሽማግሌው ኢሊሶኒ ወደብ ድረስ ሮጠው ሲደርሱ መርከቡ ተነሥቶ ስለነበር ያዩት የሳኪዩሳን ጀርባ ብቻ ነው። በእኛ ወግ እንዲህ ያደረገ ሰው ቃል አቀባይ አስቀድሞ፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ፣ አማቱ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምናል። ያ እስኪሆን ድረስ የእናቷ ወገን የተወለደችውን ልጅ ፊት አያይም፤ እሷም አገራቸውን አትረግጥም። ሳኪዩሳ «ለገና እሄዳለሁ» እያለ ዘጠኝ ገና አለፈ። ፈርቶ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ልጁ አሲናቴ ስምንት ዓመት ሞላት። «አያቴ ምን ይመስላል?» ስትለው ስለ አውሮፕላን ያወራላታል።

ባለፈው ግንቦት የሎሳሊኒ አክስት ደወለች። ሽማግሌው ኦክላንድ ወንድ ልጃቸው ዘንድ ዓይናቸውን ታክመው እየተመለሱ ነው፤ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ናንዲ ወርደው ስምንት ተኩል ላይ ወደ አገራቸው ላባሳ ይበራሉ። «ለፈረንጅ የምታደርገውን አንድ ቀን ለአማትህ አድርግ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

የመንደራችን ቃል አቀባይ ሱቫ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር እኔ፣ ቪሊኬሳ፣ ተተካሁ። እኔ ደግሞ መናገሪያ ካገኘሁ አለቅም። የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት አጠናሁ።

ሐሙስ ሳኪዩሳ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ማንነቱን ከተናገረ መኪናው ውስጥ አይገቡም ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ጭኖ ወደ መንደር ሊያመጣቸው አስቧል። የሆነውን ሁሉ በኋላ ራሱ ነገረኝ።

«አባባ፣ ስንት ሰዓት አለዎት?»

«ለአንተ የሚበቃህ ያህል» አሉ ሽማግሌው። የፊቱን በር ሲከፍትላቸውም «ከኋላ ይሻለኛል» ብለው ከኋላው ተቀመጡ።

«ባሕር ዳር ልውሰድዎት?»

«ደሴት ላይ ለተወለደ ሰው ባሕር ታሳያለህ? ጸጉር ቤት ውሰደኝ።»

ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ቀድሟቸው ነበር። ከዚያ ሮቲ የሚባለው የሕንድ ቂጣ አማራቸው። ከሮቲው በኋላ ገበያ ገብተው አናናስ አንድ በአንድ እያሸተቱ አሥራ አንድ ገዙ፤ ላባሳ አናናስ የጠፋ ይመስል። ሳኪዩሳ ሰዓቱን እያየ ላብ በላብ ሆነ።

«ሚስት አለችህ?» አሉት መንገድ ላይ።

«አለችኝ፣ አባባ።»

«ከየት ናት?»

«ከ… ከሩቅ ናት።»

«አባቷ ደህና ነው?»

ሳኪዩሳ አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«መንገዱን ታውቀዋለህ ወይስ ልውረድ?» አሉ።

መንደር የደረሱት ከሰባት ሰዓት አልፎ ነው። ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ሎሳሊኒ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች፤ አሲናቴን ፊቷ እንዳይታይ ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ጨርቅ ሸፍነን መሐል አስቀምጠናታል። ሽማግሌው አናናሱን አስይዘው ገቡና ማንም ሳይነግራቸው ከራስጌው የክብር ቦታ ቁጭ አሉ። ደክሟቸው ነው ብዬ ንግግሬን ጀመርኩ። ሳኪዩሳ ኮፍያና መነጽሩን አውልቆ፣ የዓሣ ነባሪውን ጥርስ ይዞ ከኋላዬ ተንበረከከ።

አራተኛው ቤት ላይ ደርሼ፣ ድምፄም እያማረልኝ ሳለ፣ ሳኪዩሳ አቋረጠኝ። ቃል አቀባይ ሲናገር እኛ ዘንድ የሚያስነጥሰው ሰው እንኳ ወጥቶ ነው የሚያስነጥሰው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁኑኑ ካልተነሣን አውሮፕላኑ ያመልጥዎታል። መጀመሪያ ላድርስዎት። ይቅርታውን ቤትዎ ድረስ መጥቼ እለምናለሁ። በበደል ላይ ሌላ በደል መጨመር አልፈልግም።»

 ሎሳሊኒ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ጥርሱን ነጥቄ አናቱን ልለው ዳድቶኝ ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት አስጠበቅኸኝና አሁን ታጣድፈኛለህ?» አሉ ሽማግሌው። «ያንን ጀርባ ወደብ ላይ ቆሜ ከዓይኔ እስኪጠፋ አይቼዋለሁ። ዛሬ ከኋላ የተቀመጥኩት እሱ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው። ጸጉር ቤት ሳንደርስ አውቄሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ አባባ?»

«ከአንተ አፍ እስኪወጣ ነዋ። እንድትናገር ጊዜ ልስጥህ ብዬ አናናስ ገዛሁ። አሥራ አንድ ደረሰ፤ አንተ ጭጭ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ይበቃሃል። ሙታኑን እኔም አውቃቸዋለሁ።»

እጃቸውን ዘርግተው ጥርሱን ተቀበሉ። በወጉ መሠረት «ተቀብያለሁ» ለማለት እጃቸውን ቀስ አድርገው ሲያጨበጭቡ፣ ሳኪዩሳ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ቀረ።

«ዓይኔን የታከምኩት አውሮፕላን ለማየት አይደለም» አሉ። «ጨርቁን አንሡልኝ።»

ሳኪዩሳ አነሣው። አሲናቴ ሙቀቱ አልቧት፣ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ብቅ አለች። አያትና የልጅ ልጅ ተያዩ።

«አናናሱ ለማን ነው?» አለች።

ሽማግሌው አሥራ አንዱንም ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። እኔም ሦስት ቤት ትውልድ በአፌ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ስምንት ተኩል ላይ የላባሳው አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየው ሳኪዩሳ ብቻ ነበር።

ጉራው ግን አልቀረም። ትናንትም በሩ ላይ ለአዲሶቹ ሾፌሮች «በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ተሳፋሪ በረራ አላመለጠውም» ሲል ሰማሁት።

«አንድ አለ» አልኩት።

«እሱ ተሳፋሪ አይደለም» አለ። «አባቴ ነው።»