ልጁን ከውሃው ያነሡት እጆች

በግሌንዳራ ቤት የኤፍሪክን ምላስ የማይፈራ አልነበረም። ሟቹ መስፍን ራሳቸው «ይህችን ሴት ልጓም አስገቡልኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ይሁን እንጂ የራሷን ልጅ ቸነፈር ወስዶባት ጡቷን ለመስፍኑ ልጅ ለላክላን የሰጠች እሷ ነችና፣ ዝም በይ ብሎ የሚደፍራት የለም። ላክላን ጎረምሳ ሆኖ፣ ጢም አቀምቅሞ እንኳ «እማማ» እያለ ትከሻዋን ይስማል። የእሱ ሹመት የእሷም ሹመት ነበር።

በመስፍኑ ተዝካር ቀን አዳራሹ በዘመድ ሞላ። በዚያ ቤት ልማድ ከምግቡ በኋላ ዘር ቆጣሪው ይነሣል፤ ከጥንቱ አባት ጀምሮ እየወረደ አዲሱን ጌታ በስሙ ይጠራል፦ የግሌንዳራ መስፍን፣ የኪንቫር ጌታ፣ የተራራው በር ጠባቂ። ስሙ የተጠራ ወረሰ ማለት ነው። ኤፍሪክ ለዚህች ሰዓት አዲስ ሻሽ አስራለች።

የሟቹ ወንድም ሮትሪ ግን ጠላው ሞቅ አድርጎት የላክላንን እናት፣ እመቤት ኤጊዲያን፣ መጎንተል ጀመረ።

«እመቤታችን እኮ ኩሩ ናቸው! የሰው ልጅ ታቅፈው እንኳ አያውቁም።»

«ውሸት!» አለች ኤፍሪክ፣ የአጃ ቂጣዋን ጥላ። «እርስዎ አጋዘን ሲያባርሩ እዚህ የሆነውን በምን አወቁ? የፊተኛዋ እመቤት በወሊድ የሞቱ ጊዜ፣ ሕፃኑም ሊያመልጠን ሲል፣ ክርስትና ታነሣለች የተባለችው ወይዘሮ በረዶ መንገዱን ዘግቶባት ስትቀር፣ ከማጥመቂያው ውሃ ማን ተቀበለው? እመቤቴ ኤጊዲያ! ያኔ ገና የእልፍኝ ልጅ ነበሩ። መጠቅለያውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሕፃኑም በእቅፋቸው ነው የሞተ!»

ሙገሳ ጠብቃ ነበር። የጳጳሱ ዳኛ፣ አባ ኒኒያን ግን፣ ሊጎርሱት የነበረውን ዓሣ ወደ ሳህኑ መለሱ።

«አበልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጁን ክርስትና አንሥታ፣ ኋላ አባቱን አገባች?»

ኤፍሪክ ክው አለች። አበልጅ ከአበልጅ እንደማይጋባ በዚያ አገር ያልሰማ የለም። ጋብቻው ጋብቻ አይደለም፤ የተወለደውም ዲቃላ ነው፤ ዲቃላ ደግሞ አይወርስም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አድርጋ አስባው አታውቅም! ለሷ ያ ቀን አንዲት ልጅ ደግነቷን ያሳየችበት ቀን ብቻ ነበር።

«ዋሸሁ!» ብላ ጮኸች። «አሮጊት ነኝ፣ ጠጥቻለሁ፣ ዋሸሁ!»

«እንግዲያው ወንጌሉን ይዘሽ ማዪ» አሉ ዳኛው።

ወደ መጽሐፉ ሄደች። እጇን ዘረጋች፤ እጇ ግን አልወርድ አላት።

«ተዪው፣ ኤፍሪክ» አሉ እመቤት ኤጊዲያ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። «ስለ እኔ ብለሽ ነፍስሽን አታቃጥዪ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። አውቅም ነበር። ሰውየውን ወደድኩት፣ ዝም አልኩ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዘር ቆጣሪው ግራ ገብቶት ዳኛውን አየ፤ ዳኛው በእጃቸው ወደ ሮትሪ አመለከቱት። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ ከጥንቱ አባት ጀመረ፣ እየቆጠረ ወረደ፣ ሟቹ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ «ወንድሙ ሮትሪ» አለ።

ላክላን አሁንም ስሜ ይጠራል ብሎ ሊነሣ ወንበሩን ገፍቶ ነበር። እንደዚያው ግማሽ ቆሞ ቀረ። ኋላ በሰዉ መሀል አልፎ ወደ ኤፍሪክ መጣ። አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

«እማማ፣ ምን በደልኩሽ?» አላት።

ኤፍሪክ ለዚያች ሰዓት ያሰረችውን ሻሽ ፈትታ ፊቷን ሸፈነችበት።