በብርድ ወራት የተጣለ ዳስ

ባለፈው ወር ጣራችን ላይ ደረቅ ሣር ሲራገፍ ሽታው በደረጃው ወርዶ ወጥ ቤት ድረስ ገባና፣ ሽንኩርት መክተፌን አቁሜ ቢላዋውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አቧራ፣ ገለባና ትንሽ የአይጥ ሽታ ነው፤ ደስ የሚል ነገር የለውም። ልጅነታቸውን የሚጽፉ ሰዎች የሚመለስላቸው ሽታ ሁልጊዜ ለምን ጣፋጭ እንደሚሆን ገብቶኝ አያውቅም። እኔን ይህ ሽታ የመለሰኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ፣ በዙሪያዬ ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዳቸውም የሚያደርጉት ነገር ሳይገባኝ ወደ ከረምኩበት ጊዜ ነው።

ገዳሪፍ ውስጥ ያለው ይህ ባለ አንድ ፎቅ ቤታችን ሦስት ቤተሰቦች አብረው የገዙት ነው። ታች ዓም፣ አጎት እንደማለት፣ የምንለው ሱዳናዊው ኢድሪስ ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር፤ ላይ በአንዱ ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ዓመታት ቆይታ ወደ ከተማ የገባችው ኤርትራዊቷ አደይ ለተብርሃን። ወረቀቱ በዓም ኢድሪስ ስም ነበር፣ እኛና አደይ ለተብርሃን ስደተኞች ነበርንና፤ የቀረው ስምምነት በቃል ነበር። ክፍሎቹ የየግል፣ ደረጃውና ጣራው የጋራ። የጋራ የሆነ ነገር ማለት ማንም ሚስማር ሊመታበት የማይችል ነገር ማለት እንደሆነ የተማርኩት በዚያ ጣራ ላይ ነው።

በሙቀቱ ወራት ግድግዳው እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ አናጺው አባቴ ጣራው ላይ ራኩባ ለመሥራት በየዓመቱ ይለምን ነበር፤ እዚህ አገር ራኩባ የሚሉት በእንጨት ቋሚ ላይ ሣር የተከደነበትን ዳስ ነው። በየዓመቱም የሦስቱ ቤት ኃላፊዎች ጣራው ላይ ተቀምጠው፣ ፀሐይ አናታቸውን እየመታቸው፣ ስለ ጥላ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ያ ዘለቀ፣ ቋሚውን የት ልትተክል ነው? እኔ ራስ ላይ?» ይለው ነበር ዓም ኢድሪስ አባቴን።

«ጥላው ጠዋት ወደናንተ፣ ማታ ወደ እኔ ይዞራል እንበል» ትላለች አደይ ለተብርሃን። «እኩለ ቀን ላይስ የማን ነው?»

ከዚያ ሁሉም ላቡን እየጠረገ ይወርድ ነበር።

ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ገብቶ ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ሲያጨቀየው የራኩባው ነገር ይረሳና፣ እናቴ ሌላ ነገር መጠበቅ ትጀምር ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር ቆላ በመተማ በኩል ከሚሻገሩት ሠራተኞች ጋር ታናሽ ወንድሟ ሙላው ይመጣ ነበር። እርሻ ከመውረዱ በፊት እኛ ቤት ሁለት ቀን አድሮ፣ ጠባብ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ «ጥሩዬ፣ ዛሬም አልወፈርሽም፤ ይሄ ሰውዬ አያበላሽም እንዴ?» እያለ አባቴን ይነካካው ነበር። እናቴ ከልቧ ስትስቅ የምሰማው በእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ ነበር።

በዚያ በዘጠኝ ዓመቴ ግን ሠራተኞቹ መጥተው ሙላው ቀረ። እናቴ እኔን አስከትላ የጭነት መኪኖቹ ሰው ወደሚያራግፉበት ሜዳ እየሄደች፣ የአገሯን ሰው ባገኘች ቁጥር ትጠይቅ ነበር። አምና ከሙላው ጋር እኛ ቤት የበላ አንድ ሰው አግኝተን፣ «ወንድሜስ?» ስትለው ማጭዱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና፣ «ደኅና ነው፣ እትዬ። ሥራ ይዞት ይሆናል» አላት። ቤት ግባና ምሳ ብላ ብትለው ቸኩያለሁ ብሎ እምቢ አለ። በልጅ አእምሮዬ እንኳ፣ ከመኪና የወረደ የራበው ሰው ምሳ እምቢ ሲል ምን ሊያስቸኩለው እንደሚችል ማሰብ አቅቶኝ ነበር።

ሰሊጡ ታጭዶ ብርዱ ገባ። በዚያን ጊዜ ሰው ጠዋት ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ይጠጋል እንጂ ጥላ የሚፈልግ የለም። አባቴ ግን አንድ ማለዳ ቋሚ እንጨት ተሸክሞ ወደ ጣራው መውጣት ጀመረ። ከዚያ ይበልጥ ግራ ያጋባኝ፣ ስንት ዓመት ሲከለክል የኖረው ዓም ኢድሪስ የእንጨቱን ሌላ ጫፍ መያዙ፣ አደይ ለተብርሃንም ከሣሩ እስር አንዱን ተሸክማ በደረጃው ስታወጣ አንድም ጊዜ ስለ እኩለ ቀን አለመጠየቋ ነበር። እኔን ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ እናቴን ሲያዩ ደግሞ ስለ ብርዱ ያወራሉ።

እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች። አራቱን ቋሚዎች አየች፤ አባቴን አየች።

«ዘለቀ፣ ለማን ነው የምትጥለው?»

«ለጥላ ነው።»

«በብርድ?»

«ሙቀቱ መምጣቱ ይቀራል?»

በእኛ ዘንድ ዳስ የሚጣለው ለሁለት ነገር ነው፤ ከቤታችን ደግሞ የሚዳር አልነበረም። የሩቅ ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በድንገት እንደማይነገር፣ ነገሩ ተደብቆ ዳሱ ተዘጋጅቶ፣ ሽማግሎች በማለዳ መጥተው መርዶ እንደሚያረዱ ያኔ አላውቅም ነበር። እናቴ ግን ታውቅ ነበር። በዚያ ጣራ ላይ ከቆምነው ሰዎች ሁሉ የማታውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሞቶ እንደሆነ ንገሩኝ» አለች፤ አልጮኸችም። «ልቅሶዬን አትደብቁብኝ።»

አደይ ለተብርሃን «ዋይ ጓለይ፣ ወይ ልጄ» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓም ኢድሪስ እንጨቱን እንዳቀፈ ቀረ። አባቴ አፉን ከፈተ፤ እናቴ ከንፈሩን እየተመለከተች በሊጣም እጇ አንዱን ቋሚ ስትጨብጥ አየሁ፤ እሱም ያየ ይመስለኛል።

«ማንም አልሞተም» አለ። «ለጥላ ነው አልኩሽ።»

እናቴ ሊጧን ከጣቷ እየላጠች፣ «እንግዲያው ሣሩን ወፈር አድርገው» ብላ ወረደች።

በማግሥቱ ጠዋት ጋቢ የለበሱ ሦስት ያገሯ ሰዎች መጡ። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀብሏቸው በጆሯቸው የሆነ ነገር ተናገረና አዲሱ ራኩባ ሥር አስቀመጣቸው። ሻይ ያቀረበችላቸው እናቴ ናት፤ ለእያንዳንዳቸው ብርጭቆ ስትሰጥ እስኪቀበሏት ድረስ ዓይን ዓይናቸውን ታያቸው ነበር። እነሱም ስለ ዘንድሮ ሰሊጥ አወሩ፤ ስለ አረሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ እንደገና ስለ ሰሊጥ፤ ከዚያ አመስግነው ወጡ። ስለ ሰሊጥ እንዲህ ግንባሩን አልቦት የሚያወራ ሰው ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም።

ሙቀቱ ሲመጣ ያ ራኩባ ከቤቱ ሁሉ የተሻለው ቦታ ሆነ። ሦስቱ ቤተሰቦች አልጋቸውን አወጡ፣ ዓም ኢድሪስ እዚያው ሰገደ፣ አደይ ለተብርሃን እዚያው ፈተለች። እናቴ ብቻ ሥሩ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ በርበሬዋን ከጥላው ውጪ እያሰጣች፣ ሰው ሲጠራት «እዚህ ይሻለኛል» ትል ነበር፤ በዚያ ፀሐይ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የኸሪፍ ነፋስ ገነጣጥሎ ጎረቤት ግቢ ጣለው። ሙላው አልመጣም፤ ስሙንም ያነሳ የለም። አባቴ ታሞ ሲተኛ አንድ ቀን ስለ ሙላው ልጠይቀው ተጠግቼ ስለ መድኃኒቱ ጠየቅሁት። መዋሸት እንዲህ ይለመዳል።

አሁን ዓም ኢድሪስም አባቴም የሉም። ታች ልጁ ዑስማን አለ፤ የአደይ ለተብርሃንን ክፍል ከጦርነቱ ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ቤተሰብ ይዞታል፤ እኔና እናቴ በቦታችን ነን። አባወራው መሐንዲስ ስለሆነ ንድፍ አወጣ፤ ወረቀቱ ላይ «ፔርጎላ» ይላል። ቋሚው ብረት፣ ክዳኑ ሣር፤ ራኩባ ማለት ነው፣ ዲፕሎማ ያለው ራኩባ። እንደ ወላጆቻችን ስለ ጥላው አቅጣጫ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን፤ ብረቱን የሚተክለው በያጅ የተገኘው ደግሞ በብርዱ ወራት ነው። አላሰብኩትም። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ይህን አላሰብኩትም።

ሣሩ በተራገፈ ዕለት ቢላዋዬን ጥዬ ስወጣ እናቴ ቀድማኝ የደረጃው ጫፍ ላይ ደርሳ፣ ግድግዳውን ይዛ ብረቶቹን ትመለከት ነበር።

«ለማን ነው?»

«ለጥላ ነው፣ እማዬ።»

«አባትሽም እንዲህ ነበር ያለኝ።»

ያኔ ሦስቱን ሽማግሎች ባየችበት ዓይን አየችኝ። እኔ ምንም የምደብቀው አልነበረኝም፤ ሆኖም ዓይኔን ሰበርኩ። ስለ ሰሊጥ ላወራ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። እሷ ቀስ ብላ በአራቱ ብረቶች መካከል ገባች፣ የሣሩ እስር ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን ፈታች።

«በይ» አለች፣ «እንግዲህ ላልቅስለት።»

አባቴ በዚያ ማለዳ ባይዋሽ ኖሮ ይሻል ነበር የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እኔ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው፣ ያኔ በዚህ ጣራ ላይ ከእኔ በቀር ሁሉም የሞተውን ሰው እያወቀ አንድም ያለቀሰ እንዳልነበረ ነው። ዑስማን ስለ ሙላው ሰምቶ አያውቅም። ግን የእናቴን ድምፅ ሲሰማ በያጁን አስቆመ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ሁለት መዳፉን ለሙታን በሚደረገው ጸሎት፣ ለፋቲሓ፣ ዘረጋ። ሣሩ ገና ስላልተከደነ ሦስታችንም ፀሐይ ላይ ነበርን።